ስንት ክዳን?

ሰውየው ስም ነበረው፤ መታወቂያው ላይ ተጽፎ አለ። ግን ማን ይጠራበታል? የከተማው ሞተር ነጂ ሁሉ «ጋሽ ጆሮ» ነው የሚለው። ማደያ ያሉት፣ ጎማ ለጣፊው፣ የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ሳትቀር። ስሙ ደግሞ እንዲሁ የወጣ አይደለም። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ረጅም ካቻቪቴ ይዞ፣ ጫፉን ሞተሩ አናት ላይ፣ እጀታውን ከጆሮው ኋላ ያለው አጥንት ላይ ደግፎ፣ ሌላ ሰው የማይሰማውን ሲሰማ የኖረ ነው። ሐኪም ደረት እንደሚያዳምጠው ማለት ነው፤ ልዩነቱ ሐኪም ይሳሳታል፣ እሱ አይሳሳትም ነበር።

ነበር ነው ያልኩት። እመጣበታለሁ።

የዚያ ከተማ ቤንዚን፣ እንዲያው ቤንዚን ማለቱ ራሱ ማሞካሸት ነው። ቦቴው ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ይመጣና የያዘውን ማደያው ላይ ዘርግፎ ይሄዳል። አንዳንድ ሳምንት ደህና ነው፤ አንዳንድ ሳምንት ደግሞ ውሃ ልሁን አልሁን እያለ የሚያመነታ ነው። ለመኪናና ለትንንሽ ሞተር ችግር የለውም፣ የቀረበላቸውን ይጠጣሉ። የመልእክተኞቹ ሞተር ግን ሌላ ነው። ከተማው ዳገት፣ ጭነቱ ከባድ፣ ስለዚህ የሚነዱት ጉልበታሙን ነው፤ አየርና ቤንዚኑን አሥራ ሦስቱን እጅ አንድ አድርጎ የሚጨምቀውን። እንዲህ ያለ ሞተር ኦክቴኑ፣ ማለትም ጭመቃ የመቻል አቅሙ፣ ዝቅ ያለ ቤንዚን ሲያገኝ፣ እሳቱ ወግ ይዞ እንደመንደድ በየጥጉ ደስ ባለው ሰዓት ይፈነዳል። ያኔ ነው ሞተሩ የሚያቃጭለው። ጣሳ ውስጥ የገባ ጠጠር የመሰለ፣ ቀጭን፣ ፈጣን ድምፅ ነው። ድምፁ ትንሽ ይሁን እንጂ ፒስተን ይበሳል። ዳገት ላይ ከሆንክ ቆመህ ትቀራለህ፤ ቁልቁለት ላይ ከሆንክ የኋላ ጎማህ ነክሶ ቀጥ ይልብሃል፤ እሱን ለጠላትህም አትመኘው።

መፍትሔው አለ፤ ኦክቴን ከፍ የሚያደርግ ፈሳሽ ነው፣ በጠርሙስ ይመጣል። ነጂዎቹ «ጠብታ» ይሉታል። በጠርሙሱ ክዳን እየተለካ ታንኩ ውስጥ ይጨመራል። ካነሰ ሞተሩ ያቃጭላል። ከበዛ እሳት የሚጭረው ካንዴላ ላይ ቀይ ዝገት የመሰለ ነገር ይጋግርና እሳት ይከለክላል፤ አሁንም ዳገት መሃል ቀጥ። «ለማንኛውም ጨመር አድርግበት» የሚባል ነገር አይሠራም። ሞተር ከሞተር ይለያያል፣ ቤንዚንም ከሳምንት ሳምንት ይለያያል። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም አዲሱን ቤንዚን ቀድቶ ጋሽ ጆሮ ጋራዥ ደጃፍ ይሰለፋል። ባለተራው የኋላ ጎማውን ከጭነት መኪና ታምቡር በተሠራ ማሽከርከሪያ ላይ ያወጣል፤ የታምቡሩ ፍሬን ይጠብቅና ሞተሩ ዳገት የያዘ መስሎት ይጨነቃል። ጋሽ ጆሮ ካቻቪቴውን ያስጠጋል፤ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ከዚያ ቀና ይልና ቁጥር ይናገራል። «ሁለት ክዳን።» «ሦስት።» «ላንተ ምንም አያስፈልግህም፣ ሂድ።» አለቀ። ለምን ብሎ የጠየቀ፣ እንዴት ብሎ የተከራከረ የለም።

እንግዲህ ጉዱን ልንገራችሁ። ጋሽ ጆሮ ያንን ድምፅ መስማት ካቆመ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ጆሮም ሲሄድ እንደዚያው ነው። መጀመሪያ የጠዋት ወፎች ጠፉበት፤ ሰፈር የቀየሩ መሰለው። ቀጥሎ የስልኩ ጥሪ ጠፋበት፤ ስልኩን ረገመ። የሰው ንግግር ደህና አድርጎ ይሰማል፤ ቀረብ ብለህ ዝቅ ባለ ድምፅ ብታወራው እንኳን አንድ ቃል አያመልጠውም። የሄደበት ቀጭን ቀጭኑ ብቻ ነው። እንጀራው ግን ያ ቀጭኑ ነበር። አንድ ቅዳሜ «ረጅሙ» የሚባለውን ነጂ ሞተር አስጠግቶ ቢያዳምጥ ዝም። ካቻቪቴውን ቢያዘዋውር ዝም። በእጁ ሞተሩ ሲንዘፈዘፍ ይታወቀዋል፤ ጆሮው ግን ባዶ ነው። ደንግጦ ቀና ሲል ሚስቱን አያት።

ሚስቱ የምትቀመጠው ዕቃ የሚሸጥባት ትንሽ መስኮት ኋላ ነው፤ ከታምቡሩ ፊት ለፊት፣ ብትርቅ አምስት እርምጃ። ካንዴላ ታቀብላለች፣ ሰንሰለት ታቀብላለች። ያ ድምፅ ከድሮም ጠላቷ ነው፤ ጥርሷ ሥር ይገባና እስከ ማታ ራሷን ሲፈልጣት ይውላል። ሞተር ባቃጨለ ቁጥር ሳታውቀው ቅንድቦቿ መሃል ሽብሽብ ይላል። ትንሽ ካቃጨለ ትንሽ፣ ብዙ ካቃጨለ ብዙ። ያን ዕለት ሁለት መስመር አወጣች። የጋሽ ጆሮ ምላስ ቀደመችውና «ሁለት ክዳን» አለ። ረጅሙም ሄደ፤ ሳምንቱን ሙሉ ሞተሩ አንድም ነገር ሳይል ሠራለት።

ከዚያ ወዲህ ሰውየው ሞተር ማዳመጥ ትቶ የሚስቱን ግንባር ያነባል። ዓይኑን መጨፈኑ፣ ከንፈሩን መንከሱ፣ ሁሉም ማስመሰያ ነው። ቁም ነገሩ ያለው ቀና ሲል ነው። ሚስቱ ቅዳሜ ዘመድ ልትጠይቅ የተነሳች እንደሆነ ሰውየው ዓርብ ማታ ያመዋል። ወገቤን ይላል፣ ሆዴን ይላል። እሷም ጓዟን ፈትታ ትቀራለች። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቅዳሜ ከዚያች መስኮት ተነስታ አታውቅም።

«ታዲያ ለምን አይናገርም?» ትሉኝ ይሆናል። ጣጣው እዚያ ላይ ነው።

የሚስቱ እህት ከከተማው ርቆ ወንዝ ዳር ሰፊ ግቢ አላት። «ኑና አብረን እንኑር» ማለት ከጀመረች ስድስት ዓመት አለፈ። ሐኪሙም ለሚስትየው «ከዚህ ጫጫታ ካልወጣሽ ራስ ምታቱ አይለቅሽም» ብሏታል። ጋሽ ጆሮ እምቢ አላለም፤ ብልህ ባል እምቢ አይልም፣ ቀጠሮ ይሰጣል። «እኔ ብሄድ እነዚህን ሰዎች ማን ይሰማላቸዋል? ጆሮዬ እስካለ ልሥራ። ጆሮዬ የደከመ ቀን ጋራዡን ቆልፈን እንሄዳለን፤ ቃሌ ነው» አላት። እሷም አመነችው። እንግዲህ መስማት ያቆመ ዕለት ቃሉ ደረሰ ማለት አይደል? እሱ ግን ያንን ግቢ አሰበው። ቲማቲም ሲያጠጣ ራሱን አየው፤ ማንም ተሰልፎ የማይጠብቀው፣ «ጋሽ ጆሮ» የሚለው የሌለ አንድ ሽማግሌ። ፈራ። ዝም አይነቅዝም ብሎ ዝም አለ። አይ ሰው!

ዝምታው ግን ነቀዘ። ከሦስት ሳምንት በፊት ቅዳሜ ሚስቱን ራሷን ክፉኛ አማት፤ እርጥብ ፎጣ ግንባሯ ላይ ጣል አድርጋ ዓይኗን ጨፍና ተቀመጠች። ታምቡሩ ላይ የወጣው «ሹራብ» ነበር፤ ፀሐይ ወጣ ዝናብ ዘነበ ያቺኑ ቡናማ ሹራቡን የማያወልቅ፣ ሳቂታ ነጂ ነው። ጋሽ ጆሮ ቀና ቢል ፎጣ። ደግሞ ቀና ቢል ፎጣ። ሰው ሁሉ አፉን እያየ ይጠብቃል። «አንድ ክዳን» አለ። በባዶው! ሹራብ ማክሰኞ ዕለት ቁልቁለቱ ላይ ፒስተኑ ተበሳ፣ ጎማው ነከሰ፣ ክንዱ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ሁሉም ቤንዚኑን ረገመ። ጋሽ ጆሮም ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ ረገመ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኼ ነው።

አሁን ወደ ዛሬው ቅዳሜ እንምጣ።

ጋሽ ጆሮና ሚስቱ አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ እሷም ነጂ ናት። ነጂዎቹ «ወንጭፍ» ይሏታል፤ ከለቀቋት አትያዝም። ከተራራው ማዶ ዋሻ ለሚቆፍሩ ሠራተኞች ክሊኒክ መድኃኒት የማድረሱን ሥራ አግኝታለች፤ በረዶ ባለበት ሳጥን፣ በየቅዳሜው፣ ለአንድ ዓመት። ዛሬ መጀመሪያዋ ነው። መንገዱ ሦስት ሰዓት ዳገት፣ ከዚያ ወዲያ ገደል ለገደል የሚወርድ ቁልቁለት ነው፤ መከለያ የሚባል የለውም። ሳጥኑ ታስሯል፣ ታንኩ ሞልቷል። ሰልፈኞቹ ተራቸውን ሰጥተዋት ሞተሯን ታምቡሩ ላይ አወጣች።

«በል አባዬ፣ ስማልኝ። ስድስት ሰዓት ላይ መነሳት አለብኝ» አለች።

ጋሽ ጆሮ ካቻቪቴውን አስጠጋ። ልጅቷ ማርሽ አስገብታ ቤንዚን ሰጠችው፤ ረጅሙ የታምቡሩን ፍሬን አጠበቀ። ሞተሩ አጓራ። ጋሽ ጆሮ ዓይኑን ጨፈነ፣ እንደ ልማዱ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ቀና አለ።

ሚስቱ ሻሿን ቅንድቧን አልፎ እስከ ዓይኗ ቆብ ድረስ ጎትታ አስራዋለች።

መጀመሪያ የወረደባት መሰለው። ምልክት ሊሰጣት አሳለ። ሻሹን አልነካችውም። «እስኪ ድገሚው» አለ ለልጁ፤ ሞተሩ እንደገና አጓራ፤ ቀና አለ፤ ሻሹ እዚያው ነው። አላመማትም። ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ ከሻሹ ሥር በቀጥታ እያየችው ነው። ያኔ ገባው። ሚስቱ ምስጢሩን አውቃበታለች።

«ጋሽ ጆሮ ለልጃቸው ሲሆን ሁለቴ ያዳምጣሉ፤ ለኛ ግን ግማሽ!» አለ ከሰልፉ አንዱ፤ ሁሉም ሳቀ። ሹራብም ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበርና አብሮ ሳቀ። ሞተር ባይኖረውም ቅዳሜ እቤት መዋል አልሆነለትም።

ጋሽ ጆሮ ጊዜ መግዛት ያዘ። ካንዴላውን ፈትቶ አየውና መልሶ አሰረው። ካንዴላ የሚናገረው ያለፈውን ሳምንት ቤንዚን ነው፤ የዛሬውን ምን ያውቃል። ከሞተሩ አናት ሥር ወፍራም ጓርኒሲዮን አስገብቶ ግፊቱን መቀነስም ይቻላል፤ ነጂዎቹ ሞተር ማኮላሸት ይሉታል። ግን የግማሽ ቀን ሥራ ነው፣ የተኮላሸ ሞተርም ያንን ሳጥን ይዞ ያንን ዳገት አይወጣም። ሦስት ክዳን ልበል ይሆን? ብዙዎቹ ሦስት ነው የሚበቃቸው። ብዙዎቹ! ሹራብንስ ግምት አይደል የጣለው? ሰዎቹ ይጠብቃሉ፣ ልጁ ሰዓቷን ታያለች፣ መስኮቷ ውስጥ ያለው ሻሽ ንቅንቅ አይልም። የሚሸሽበት ጥግ ጠፋ።

«አዲስ ካንዴላ አምጪልኝ» አለ ጮክ ብሎ፤ ራሱ ግን ወደ መስኮቷ ሄደ። ጎንበስ ብሎ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሻሹን ከፍ አድርጊው» አላት።

«ለምን?»

«ይሞቅሻል፤ ይጨንቅሻል ብዬ ነው።»

«እኔን አልጨነቀኝም። የጨነቀህ አንተን ነው።»

ካንዴላውን አንስታ አቀበለችው። «ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?» አላት።

«ሹራብ ከወደቀ ጀምሮ። ፎጣው ሥር ሆኜ ያን ሞተር ሰማሁት እኮ፤ ጥርሴን ሊነቅለው ነበር። አንተ አንድ ክዳን አልክ። አንድ! ከዚያ ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ቁጥር ልትናገር ስትል ሁልጊዜ ቀና ብለህ ታየኛለህ።» ወደ ሻሿ ጠቆመች። «ሁለት ዓመት ሙሉ ፍቅር መስሎኝ ነበር። ለቅዳሜ ብዬ ፀጉሬን እሠራ ነበር፣ አንተ ሰው!»

ጋሽ ጆሮ ብትሰድበው ይሻለው ነበር። አፈረ፤ ከሠላሳ ዓመት ሚስቱ ፊት ቆሞ እንደ እንግዳ ሰው አፈረ።

«ልጃችን ናት» አለ በመጨረሻ። «ዛሬን ብቻ። ሻሹን ከፍ አድርጊልኝና ከዛሬ በኋላ ያልሽው ይሆናል።»

«ልጄ ስለሆነች ነው በቅንድቤ ተለክታ የማትሄደው። ፊቴን ዝንብ ቢነካኝስ? ወይ ተናገር፣ ወይ እኔ እናገራለሁ። በራስህ አፍ ቢሆን ይሻልሃል። ከዚያ ቃልህን ትጠብቃለህ፣ ቆልፈን እንሄዳለን።»

«ስሜስ?»

«ስምህ ሹራብን ደግፎት ነበር?»

ተመለሰ። አምስቱ እርምጃ ረዘመበት። ልጅቷ ሞተሩን ልታስነሳ ስትል እጇን ገፋ አደረገው።

«መስማት ካቆምኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል» አለ።

ረጅሙ ቀድሞ ሳቀ። «ጋሽ ጆሮ ደግሞ በስተርጅና ቀልድ ጀመሩ!»

«ቀልዴን አይደለም። ሞተር ሲያቃጭል አልሰማም። ጨርሶ አልሰማውም።» ካቻቪቴውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «ዋሽቻችኋለሁ።»

አሁን የሳቀ የለም። ሹራብ ከግድግዳው ተላቀቀ። «የኔ አንድ ክዳንስ ታዲያ?» አለ።

«ግምት ነበር።»

ሹራብ ክንዱን አየ፣ ሰውየውን አየ። «ጨው እኮ ነው በግምት የሚጨመረው፣ ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ ሰው ነኝ።»

«ይቅር በለኝ።»

ሹራብ እሺም እምቢም አላለም። ጋሽ ጆሮ ዓይኑን ከዓይኑ ማንሳት ፈልጎ አልቻለም፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሸሽቶት ኖሯልና አሁን እያየው ቆመ።

ልጅቷ ጓንቷን አወለቀች። የተቆጣችም የደነገጠችም ትመስላለች። «አባዬ፣ እስከ ዛሬ ታዲያ ማን ነው የሚሰማው? ሞተራችን ሁሉ ሲሠራ ነው የኖረው እኮ።»

በአገጩ ወደ መስኮቷ ጠቆመ። ስለ ሚስቱ ቅንድብ ነገራቸው፤ ስለ አንዱ መስመር፣ ስለ ሁለቱ መስመር። እየተናገረ ራሱን ጠላው። ሁሉም ዞሮ መስኮቷን አየ። ሚስቱ ሻሿን ወደ ላይ ገፋ አደረገች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«እማዬ፣ ነይ» አለች ልጅቷ።

ሚስትየው በጎን በር ወጣች። ያንን ዘይት የጠጣ ወለል ከረገጠች ዓመታት አልፈዋል። ጋሽ ጆሮ ካቻቪቴውን ራሱ አስያዛት፤ ጫፉን ሞተሩ አናት ላይ አሳረፈላት፣ እጀታውን ከጆሮዋ ኋላ አስደገፈላት። ልጅቷ አስነሳች። ሞተሩ ገና ዳገት ከመያዙ የሴትየዋ ፊት ሁለመናው ተጨማደደ፣ እንባዋ ወረደ።

«ይጮኻል! ኧረ ይጮኻል!»

«ቤንዚን ሲሰጠው ነው ወይስ ሁልጊዜ?» አላት ባሏ።

«ሲሰጠው። ደግሞም ቶሎ አይተውም፣ ይከተላል።»

አሰበ። ሠላሳ አምስት ዓመት የተማረው አልጠፋም፤ የጠፋው በሩ ብቻ ነው። «ሦስት ክዳን» አለ። ልጅቷ ጨመረች፣ ሞተሩን ግራና ቀኝ ነቅንቃ ቤንዚኑን አደባለቀች፣ ቱቦው ውስጥ የቆየው እስኪነድ አስነስታ ጠበቀች። እንደገና ታምቡሩ ላይ አስጨነቁት።

«አሁንም አለ» አለች እናትየው። «ቀጥኗል ግን አለ።»

«ግማሽ ጨምሪ።»

ተጨመረ፣ ተደባለቀ፣ ተሞከረ። የሴትየዋ ፊት ቀስ እያለ ተፈታ። «የለም» አለች። ከፍ ባለ ማርሽ አስደገሟት። «የለም አልኳችሁ፣ ጠፋ።»

ጋሽ ጆሮ ከሁለት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቱን ሞልቶ ተነፈሰ። ልጁ በእውነት ተለክታ መሄዷ ነው። ከዚህ ወዲያ የፈለጉትን ይበሉት።

ወንጭፍ እናቷን አቅፋ ሁለቱንም ጉንጯን ሳመቻት። አባቷን ግን ትከሻውን መታ ብቻ አደረገችው፤ ገና አልበረደላትም። «እማዬ፣ ከእንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ አንቺ ሳትሰሚልኝ ንቅንቅ አልልም። ዓመቱን ሙሉ!» አለችና ሄልሜቷን አጠለቀች። ዳገቱን ይዛ ስትወጣ ሁሉም ደጃፉ ላይ ቆሞ አያት። የሞተሩ ወፍራም ድምፅ ጥምዝ መንገዱ እስኪሰውራት ድረስ ተሰማ፤ ያንን ጋሽ ጆሮም ይሰማዋል።

ሚስቱ ካቻቪቴውን መለሰችለት። ፊቷ ገርጥቷል፣ አንድ ዓይኗን ጨፈን እያደረገች ነው፤ ራስ ምታቱ ጀምሯታል። ደስታዋ ግን ያስታውቃል። «በል፣ ተናግረሃል። አሁን ለእህቴ ልደውል» አለችው።

ረጅሙ የኋላ ጎማውን ታምቡሩ ላይ አውጥቶ ኖሯል። «እትዬ፣ የኔንም ይስሙልኝ።»

«እኔ ሠራተኛ አይደለሁም፣ ልጄ። እኛ ልንሄድ ነው።»

«ወዴት?» አለ ሹራብ። «እኔ ክንዴ ሲድን ተመልሼ እዚያው መንገድ ላይ ነኝ፤ ሌላ ሥራ አላውቅም። እስከ ዛሬ ባናውቅ ነው። አሁን የሚሰማው ማን እንደሆነ አወቅን። አውቀን ደግሞ እንዴት በግምት እንንዳ፣ እትዬ?»

ከዚያ በኋላ የለመናት የለም። ቢለምኗት እምቢ ባለች። ኮፍያቸውን ይዘው ቆሙ፤ አሥራ አንድ ሞተር፣ አሥራ አንድ ሰው። ሴትየዋ ሰልፉን አየች፣ የሹራብን ክንድ አየች፣ ልጇ የሄደችበትን ዳገት አየች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይሉ የለ? እጇ ሳትፈልግ ተዘረጋና ካቻቪቴውን ተቀበለች።

ወዲያው ደግነቱ ጀመረ። አንዱ ሮጦ ወንበሯን ከመስኮቷ ኋላ አመጣላት። አንዱ እጀታውን በንጹሕ ጨርቅ ጠረገላት። አንዱ ለሌላኛው ጆሮዋ ጥጥ አመጣ፤ ረጅሙ ፀሐይ እንዳይመታት ላሜራ አዘነበለላት። በክፋት ቢያስሯት ትፈታ ነበር፤ በደግነት አሰሯት። «እትዬ ይስሙ፣ ቁጥሩን ጋሽ ጆሮ ይናገሩ» አሉ ደግሞ። ጋሽ ጆሮ! አሁንም እንደዚያው ነው የጠሩት። ሰውየው ስሙ ከነሰልፉ እንዳለለት ሲያይ ሆዱ ሞቅ አለው። ሞቅ ማለቱ አሳፈረው፣ ግን መሞቁን አልተወም።

የረጅሙን ሰማች፤ «ያቃጭላል፣ ትንሽ» አለች፤ እሱ «አንድ ክዳን» አለ። የሚቀጥለውን ሰማች፤ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች፤ እሱ «ሦስት» አለ። ሦስተኛው ሞተሩን እየገፋ ሲያወጣ ጋራዡ ለአፍታ ጸጥ አለ። የሚነሳ ሞተር የለም፣ የሚያወራ ሰው የለም። ሚስቱ እጀታውን ከአጥንቷ ላይ አንስታ ወደ እሱ ዞረች። ከእሱ ብትርቅ አንድ ክንድ ነው።

«ቆልፈን እንሄዳለን ብለኸኝ ነበር» አለችው፣ እቤት ውስጥ ብቻቸውን ሲሆኑ በምታወራበት ድምፅ። «መቼ ነው? እዚሁ ፊታቸው ንገረኝ።»

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «ዘግተናል» ቢል ሰዎቹ አጉረምርመው ይበተናሉ፤ ቃሉም አፉ ውስጥ ነበር። የተናገረችውን ሁሉ ጥርት አድርጎ ሰምቷል፤ ይኼ ድምፅ ጠፍቶበት አያውቅም። ሰልፉ እያየው ነው። እጁን አንስቶ ከጆሮው ኋላ አደረገና ራሱን ወደ እሷ ዘንበል አደረገ።

«ምን አልሽ?» አላት። «ጆሮዬን እንደምታውቂው ነው፤ አልሰማሁሽም።»

አልደገመችለትም። እጀታውን ወደ አጥንቷ መለሰችና ባለተራውን ሞተሩን እንዲያስነሳ በእጇ አመለከተችው።